ዘጌን በደብተር፦ ያልተጻፈውን የመንደር ሕግ እንዴት እንደምትጽፉት

ሥራውን የጀመርኩት በተሳሳተ ጥያቄ ነው። ከመምህርነት ጡረታ በወጣሁ በወሩ፣ አዲስ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ይዤ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ተወለድኩባት ዘጌ ተሻገርኩ። ከጀልባው ወርጄ ሽቅብ ስወጣ መጀመሪያ ያገኘሁት ደጃቸው ላይ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የሚደርቅ ቡና) የሚያሰጡ አንድ አዛውንት ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ዘር ቆጠርን፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ካወቁ በኋላ «አባባ፣ የዘጌ ባህል ምንድን ነው?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ባህላችንማ ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ዝም። የዚያን ዕለት ደብተሬ ላይ የሰፈረው ይኸው ብቻ ነው።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩና ጥያቄውን ገለበጥኩት። «አባባ፣ እዚህ ጫካ ውስጥ በቅርቡ የተጣሉት እነማን ናቸው? በምን?» ጀንፈሉን ትተው ተቀመጡ። አንዱ ጎረቤት ወሰን ላይ የቆመ ዋንዛ ሳያስፈቅድ ይቆርጣል፤ ዛፉ ሲወድቅ የሌላውን ቡና ደፍጥጦ ይጥላል። ነገሩ በሦስት ሽማግሌ ታይቶ ቆራጩ አንድ ቁና ጀንፈል ክሶ ታረቁ። እምቢ ቢል ኖሮ ማን ለቅሶው ላይ እንደማይቆም፣ ማን ጠበል ጠዲቅ እንደማይጠራው አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከዚያች አንዲት ጠብ ውስጥ ወሰን ላይ ያለ ዛፍ የማን እንደሆነ፣ ሽማግሌ ማን እንደሚመርጥ፣ ካሳ በምን እንደሚከፈል፣ ፍርድ ያልተቀበለ ምን እንደሚያገኘው አወጣሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ዋንዛ ለበር፣ ለጣውላ፣ ለሙቀጫ የሚፈለግ ውድ ዛፍ ነው፤ ካሳው እንዴት አንድ ቁና ብቻ ይሆናል? ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጌ አለፍኩ።

የመንደራችሁን ሕግና ቅርስ ለመመዝገብ የምታስቡ ካላችሁ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው። «ደንቡ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው የሚኖርበትን ደንብ ደንብ ብሎ አይጠራውም። ጠቡን ጠይቁ፤ ደንቡ ከውስጡ ይወጣል።

ለምን ዘጌን እንደ ምሳሌ እንደምይዝ ልናገር። ዘጌ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ወደ ውኃው የገባ ልሳነ ምድር ነው። ኡራና ይጋንዳ የሚባሉ ቀበሌዎች አሉት፤ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት በጫካው ውስጥ ተደብቀዋል። ቱሪስቱ የሚያውቀው እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ያሉትን፣ በሥዕል ያሸበረቁትን ነው። ሥዕሎቹ ውብ ናቸው፤ ስለ እነሱ የጻፈ ሰው ስለሞላ እኔ አልጨምርበትም። የኔ ነገር ሌላ ነው፦ ዘጌ በሬ የማይጠመድበት የገበሬ አገር ነው።

አባቶች እንደሚተርኩት መሐል ዘጌ ጊዮርጊስን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው። በዚህች ምድር እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባ ከፈጣሪ ቃል ተቀበሉ፤ በምትኩ ከበትራቸው ቡና በቀለ ይባላል። ትረካውን እንደ ታሪክ ውሰዱት እንደ እምነት፣ የሚያስደንቀው ውጤቱ ነው። ስላልታረሰ ጫካው ቆመ፤ ጫካው ስለቆመ ቡናው ጥላ አገኘ፤ ቡናና ጌሾ ስላለ ገበሬው ጤፉን ከውጭ ይገዛል፤ ስለሚገዛም አፋፍ ላይ ገበያ ይቆማል፣ ታንኳውም ወደ ባሕር ዳር ይመላለሳል። ከአንድ ክልከላ ላይ ስንት ነገር እንደተንጠለጠለ ተመልከቱ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን ከነዙሪያው በባዮስፌር ሪዘርቭነት ሲመዘግብ ብዙ ወረቀት ተጽፏል። ጫካውን እስከዚያ ድረስ ያቆየው ግን ወረቀት አይደለም፣ ግዝት ነው። እናንተም በመንደራችሁ እንዲህ ያለውን፣ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለበትን አንድ ክልከላ ፈልጉ። አንዳንዱ ቦታ የተከለከለ የአሳ ማጥመጃ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ የማይቆረጥ ዛፍ፣ አንዳንዱ ቦታ በተወሰነ ቀን የማይቀዳ ውኃ። ደብተሩን ከዚያ ጀምሩ።

ማንን ቀድሞ ማስፈቀድ

እዚህ ላይ ተሳስቼ ሦስት ወር አቃጥያለሁ። እንደ መንግሥት ሠራተኛ ልማዴ መጀመሪያ ሄጄ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አጻፍኩ። ደብዳቤውን በእጄ ይዤ በመንደሩ ስዞር ያየኝ ሁሉ «መሬት ልትለካ መጣች» ብሎ አወራ። አይፈረድባቸውም። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ከባለርስቱም ከቤተ ክርስቲያኑም እጅ አውጥቶ የሕዝብ ካደረገ ወዲህ፣ ደብተርና ሜትር የያዘ እንግዳ መንደር ውስጥ ሲታይ ሰው ልቡ ይፈራል። ያን ሰሞን ቡናቸው ስንት እግር እንደሆነ የጠየቅኳቸው ሁሉ አሳንሰው ነገሩኝ። ያን ገጽ በኋላ ሙሉውን ሰርዤዋለሁ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ (ወይም መስጊዱ)፣ ከዚያ ቀበሌው። ደብዳቤው ያስፈልጋል፣ ግን ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ገዳም ስትገቡ ጫማችሁን አውልቁ፣ ነጠላችሁን አስተካክሉ፣ መነኩሴ ስታገኙ «ይፍቱኝ አባ» በሉ። «እግዚአብሔር ይፍታ» ካሏችሁ በኋላ ጉዳያችሁን ተናገሩ። ጉዳዩን ለአንድ ሰው ነግራችሁ አትመለሱ። አለቃው ቢፈቅድ የሰበካ ጉባኤው ላይፈቅድ ይችላል፤ ሁለቱ ቢፈቅዱ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት አባት ገበያ ሄደው ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ቀን ሙሉ ቁልፍ ጠብቄ፣ ማታ ጀልባ አምልጦኝ አክስቴ ቤት አድሬ አውቃለሁ። ያቺ ሌሊት ግን ከቀኑ ይልቅ ጠቀመችኝ፤ አክስቴ እሳት ዳር የነገረችኝ አሥራ አንድ ገጽ ሞላ።

ያው ጠብ ከሦስት አፍ

አንድን ጉዳይ ከአንድ ሰው ሰምታችሁ አትጻፉ። ከከሳሹም፣ ከተከሳሹም፣ ካስታራቂውም ስሙ። የሚለያዩበት ቦታ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ደንቡ ራሱ አከራካሪ የሆነበት ቦታ እዚያ ነው። ከዚያ አራተኛ ሰው ጨምሩ፦ የጎረቤት ሴት። ሽማግሌ ፍርዱን ይነግራችኋል፣ ሴቶቹ ግን ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። እርቅ ወርዶ ዛሬም ድረስ አንዷ የሌላዋን ቡና የማትጠጣ ከሆነ፣ ያ እርቅ በደብተር ላይ እንደተጠናቀቀ ተደርጎ መጻፍ የለበትም።

ቃላቱንም አትለዋውጡ። ካሳ ሌላ፣ ቅጣት ሌላ፣ ግዝት ሌላ ነው። ካሳ ለተበዳዩ ይሄዳል፣ ቅጣት ለእድሩ ወይም ለቤተ ክርስቲያኑ ይገባል፣ ግዝት ደግሞ ሰውየውን ራሱን ይይዘዋል። ተናጋሪው ያለውን ቃል እንዳለ ጻፉ። የአማርኛ መምህር ነበርኩና ንግግራቸውን ማረም ልማድ ሆኖብኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች በሙሉ እኔ የምናገር ይመስላሉ። አሁን ሳነባቸው አፍራለሁ።

ዘመን ሲጠየቅ ዓመተ ምሕረት የሚቆጥር ሽማግሌ ጥቂት ነው። ስለዚህ ችካል ይዛችሁ ሂዱ። «ከኅዳር በሽታ በፊት ነው በኋላ?» ካላችሁ 1911ን ያዛችሁ ማለት ነው፤ አያቶቻቸው የነገሯቸው እዚያ ድረስ ይደርሳል። ጣልያን የነበረበት ከ1928 እስከ 1933፣ አዋጁ 1967፣ ድርቁ 77። ከዚህ ሌላ የየመንደሩ የራሱ ችካል አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ክዳኑን ከሣር ወደ ቆርቆሮ የቀየረበት ዓመት፣ የመጀመሪያው የሞተር ጀልባ የመጣበት፣ ታላቁ ዛፍ በመብረቅ የወደቀበት። እነዚህን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሰብስቧቸው፣ ሥራው በገፋ ቁጥር ወርቅ ይሆኑላችኋል። ወርና ቀን ሲፈለግ ደግሞ በበዓል ጠይቁ። ኡራ ላይ «ኪዳነ ምሕረት ሲነግሥ» ካሏችሁ የካቲት 16 ነው፣ የሚጠራጠር የለም።

ብራና ፊት

ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ያለ መጽሐፍ ለጸሎት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የወንጌሉን መጀመሪያና መጨረሻ ቅጠሎች አስገልጡ። በአገራችን ገዳማት ባዶ በቀሩ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ የመሬት ስጦታ፣ የሽያጭ ውል፣ የንዋየ ቅድሳት ቆጠራ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ በወንጌል ላይ የተጻፈ ውል የሚክድ አይገኝማ። መንደሩ ማኅደረ ሰነድ ከነበረው ያ ነው። ምስክሮቹ በስም ተዘርዝረዋል፣ አንዳንዴም ዛሬ ድረስ በመንደሩ ያሉ ቤተሰቦች አያት ቅድመ አያት ሆነው ይገኛሉ።

አሠራሩን በዝግታ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚጠፋ ነገር አይመለስም። መጽሐፉን ከማኅደሩ እናንተ አታውጡት፣ ቅጠሉንም እናንተ አትግለጡት። መሪጌታው ያውጡት፣ እሳቸው ይግለጡ። እጅ ታጥቦ በደንብ የደረቀ ይሁን። ጣት በምራቅ አርጥቦ መግለጥ ነውር ነው፣ ቀለሙንም ያነሣል። መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ አይዘርጋ፤ ገበታው እንዳይሰበር፣ ስፌቱም እንዳይላላ ከሁለት ወገን በታጠፈ ጋቢ ደግፉት። በር አጠገብ ጥላ ያለበት ብርሃን ላይ ሆናችሁ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ። ከቅጠሉ ጎን ማስመሪያ ይቀመጥ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። እያንዳንዱን ቅጠል ፊቱንም ጀርባውንም፣ ባዶ የመሰለውንም ጭምር አንሡ። እኔ ባዶ ነው ብዬ የዘለልኩት አንድ ቅጠል ላይ፣ መሪጌታው በጸሐይ ዘወር አድርገው ሲያዩት፣ ተፍቆ የደበዘዘ ጽሑፍ ነበረበት። ከሥሩ ግን እርግማኑ አልተፋቀም፦ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»፤ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን። የፋቀው ሰው ውሉን ፍቆ እርግማኑን ለመፋቅ ድፍረት አጣ። መሪጌታው ሳቁ፤ እኔ ግን ማን ነበር፣ የማንን መሬት ነበር እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ።

ፎቶውን ካነሣችሁ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ? ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። የዕቃ ቤቱ መስኮት፣ የመጽሐፉ ቁመት፣ የተቀመጠበት ሣጥን በአንድ ፎቶ ውስጥ ከታየ ለሌባ ካርታ ሰጣችሁ ማለት ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ምዝገባው የሚሄደው ለሚመለከተው አካል ነው፣ ለሕዝብ ገጽ አይደለም።

ውኃው ዳር ያለው ሕግ

የጫካው ሕግ የወንዶቹ ነው ብንል የዳርቻው ሕግ የተደበላለቀ ነው። ታንኳ የት ይቆማል? ማን ቀድሞ ይጭናል? ደንገል የበቀለበት ዳርቻ የማን ነው? አጫጁ ማንን ያስፈቅዳል? መረብ የተዘረጋበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ቢመጣስ? እነዚህን የጠየቀ ሰው አላገኘሁም፤ መልስ ግን ሁሉም ዘንድ አለ።

የታንኳ ሰሪ ስታገኙ ሥራውን እየተመለከታችሁ ጠይቁ። ደንገሉ ታጭዶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ ነው ጀልባ የሚሆነው። ሰውየው እሥሩን በጉልበቱ ጨምቆ ገመዱን በጥርሱ ይዞ ሲያጠብቅ እናንተ ጥያቄ አትጠይቁ፤ አፉ ገመድ ይዟል። ሲፈታ ይናገራል። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ መልስ ተጎትቶ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ «የማን ዳር ላይ ይደርቃል?» የሚለው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፣ እኔ ግን ከሱ አራት ገጽ ጽፌያለሁ። ጣና ዳር ይህን ጥበብ ይዘው የኖሩት በዋናነት ነገደ ወይጦ ናቸው። ጉማሬ ይበላሉ እየተባሉ ለዘመናት ተንቀዋል። የእጃቸውን ሥራ ጽፎ የተናቁበትን አለመጻፍ ግማሽ ሥራ ነው። ቤታቸው ስትገቡ የቀረበላችሁን ብሉ ጠጡ። እምቢ ካላችሁ ደብተራችሁን ዘግታችሁ መመለስ ትችላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚነግራችሁ የለም።

እኔ ሴት በመሆኔ የተዘጉብኝ በሮች አሉ። ክብራን ገብርኤል ከዘጌ ፊት ለፊት ያለ ደሴት ነው፣ ሴት አይረግጠውም። የወንድሜን ልጅ ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፌ ላክሁት። ሃምሳ ሁለት ፎቶ አንሥቶ ተመለሰ፣ ሃምሳው የሐይቁ ነው። ለጥያቄዎቹ መልስ የመጣው ከሁለተኛው ጉዞ በኋላ ነው፣ ያውም ቁጭ አድርጌ ካለማመድኩት በኋላ። እናንተም የማትገቡበት በር ካለ ሰው ላኩ፤ ግን መጀመሪያ ገብቶ በሚያውቀው ቤት አስጠይቁት።

የማይጠየቀው ጥያቄ

ይህን ክፍል ብዘለው ደስ ባለኝ። የዘጌ ቡና በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የለማው በባሪያ ጉልበትም ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል፤ ሰው ግን የማን አያት ጌታ፣ የማን አያት ባሪያ እንደነበረ ያውቃል፣ አይናገርም፣ ጋብቻ ሲመጣ ግን ያስታውሳል። በመንደራችሁ እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። ዘር ስትቆጥሩ ድንገት የሚቋረጥ የዘር ሐረግ ታገኛላችሁ፤ «አባቷ?» ስትሉ «እዚሁ ያደገች ናት» የሚል መልስ ይመጣል። እዚያ ላይ አቁሙ፤ ሌላ ሰው ባለበት አትግፉ።

እኔ ሁለት ደብተር አለኝ። አንደኛው ለመንደሩ የሚነበብ ነው፤ እዚያ ላይ ባርነት እንደነበረ፣ ቡና ለቃሚው ማን እንደነበረ፣ ምን ይበላ እንደነበር በግልጽ አለ፣ የማን ቤተሰብ ግን የለም። ሁለተኛው ስም ያለበት ነው፤ የሰጡኝ ሰዎች እስካሉ ድረስ የሚከፈት አይደለም። አንዳንድ ወዳጆቼ «ጨርሶ ባይጻፍስ?» ይሉኛል። ካልተጻፈ የሚቀረው የጌቶቹ ታሪክ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ዕቃ ቤት ውስጥ በብራና ተጽፎ ተቀምጧል።

መልሳችሁ አንብቡላቸው

የተጻፈው ሁሉ በሦስት ቦታ ይቀመጥ። ዋናው ደብተር በመንደሩ፣ ቅጂው በእናንተ ዘንድ፣ ፎቶና ድምፁ በሚሞሪ ካርድ ሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ ቤት። ሐይቅ ዳር እርጥበት አለና ደብተሩን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አትዝጉት፣ ይሻግታል። በጨርቅ ጠቅልሉት።

ከዚያ ቀን ቁረጡና መልሳችሁ አንብቡላቸው። እኔ ያነበብኩት ከሰንበቴ በኋላ፣ ሰው ጠላውን እንደያዘ ነው። ጮክ ብላችሁ፣ በዝግታ፣ ማንም በማንኛውም ሰዓት እንዲያቋርጣችሁ ፈቅዳችሁ አንብቡ። እርማት ሲመጣ የቀድሞውን አትፋቁት፤ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ አዲሱን በቀይ ከላይ ጻፉ፣ ያረመውን ሰው ስምና ቀኑን ጨምሩ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ እነዚያ ጀንፈል የሚያሰጡት አዛውንት እጃቸውን አነሡ። የዛፉን ጠብ እያነበብኩ ነበር።

«ልጄ፣ ዋንዛ ነው ያልኩሽ?»

«አዎ አባባ፣ እንዲያ ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ዋንዛማ ቢሆን ቤቱን በሸጠ ነበር። ብርብራ ነው የቆረጠው።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ብርብራ ለቡና ጥላ ይሆናል፣ ፍሬው ተወቅጦ አሳ ያፈዛል፣ ጣውላ ግን አይወጣውም። «ዋንዛ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩና በቀይ «ብርብራ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑ የነበረውንም የጥያቄ ምልክት አጠፋሁት።